በቸኮሌት የተነከረ ፍራፍሬ፦ ፍሬውን፣ ቸኮሌቱንና የማቅለጫውን ዘዴ እንዴት እንምረጥ?

ከጣፋጮች ሁሉ ለጀማሪ የሚቀለው በቸኮሌት የተነከረ ፍራፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የሚቦካ ሊጥ የለውም፣ መጋገሪያ ምድጃ አይፈልግም፣ ከፍሬውና ከቸኮሌቱ በቀር የግድ የሚያስፈልግ ግብዓትም የለውም። ይሁን እንጂ ግብዓቱ ሁለት ብቻ መሆኑ ራሱ ፈተና ነው። በኬክ ውስጥ አንዱ ነገር ቢጎድል ሌላው ሊሸፍነው ይችላል፤ እዚህ ግን ፍሬው ውሃ ካዘለ ወይም ቸኮሌቱ አልረጋ ካለ ጉድለቱን የሚደብቅለት ሦስተኛ ነገር የለም።

ሥራውን ለመጀመር የሚያስቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት «የትኛው ቸኮሌት ይሻላል?» ብለው ነው። እኔ ከዚያ አስቀድሜ የምጠይቀው «መቼ ይበላል?» የሚለውን ነው። ከ1 ሰዓት በኋላ ከቤተሰብ ጋር ለሚበላ ሳህን፣ ነገ ማታ ለሚመጡ እንግዶችና ከሳምንት በኋላ በስጦታ ለሚሰጥ ሣጥን የሚመረጠው ፍሬም፣ ቸኮሌትም፣ አሠራርም የተለያየ ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ለማግስቱ ማታ ግብዣ ብዬ ከዋዜማው 40 ያህል እንጆሪ ነክሬ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ዘግቼ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩ፤ ክዳኑን ስከፍት ከእያንዳንዱ ፍሬ ሥር ሮዝ ውሃ አቁሮ፣ የቸኮሌቱ ሽፋን ልክ እንዳልሆነ ሰፊ ጫማ ከፍሬው ተላቆ ጠበቀኝ። ቸኮሌቱ ጥሩ ቸኮሌት ነበር፤ የተሳሳትኩት ሰዓቱን ነው።

ፍሬው፦ የውሃው ነገር

ትኩስ ፍራፍሬ በአብዛኛው ውሃ ነው። እንጆሪ ከክብደቱ 91 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን፣ ብርቱካን 87፣ ፖምና አናናስ 86፣ ወይን 81፣ ሙዝ ደግሞ 75 በመቶ አካባቢ ውሃ ይዘዋል። በአንጻሩ የደረቀ አፕሪኮት ወደ 30 በመቶ፣ ዘቢብ ደግሞ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ቸኮሌት የስብ ነገር በመሆኑ ከውሃ ጋር አይስማማም፤ የማይስማማውም በሁለት መንገድ ነው። በፍሬው ገጽ ላይ የቀረ የእጥበት ውሃ ቸኮሌቱ እንዳይጣበቅ ያደርጋል፣ ወደ ሳህኑ ከገባም የቀለጠውን ሁሉ ያጓጉለዋል። ከፍሬው ውስጥ የሚወጣው ጭማቂ ደግሞ ቀስ እያለ በፍሬውና በሽፋኑ መካከል እየገባ ያላቅቃቸዋል። የመጀመሪያውን በፎጣ መከላከል ይቻላል፤ ሁለተኛውን ግን በትክክለኛ ምርጫ እንጂ በሌላ መከላከል አይቻልም።

ስለዚህ ፍራፍሬዎችን የምከፍላቸው በጣዕማቸው ሳይሆን በቆዳቸው ነው፦ ቆዳው ሳይነካ ሙሉውን የሚነከር፣ ተቆርጦ የሚነከር፣ ቀዝቅዞ የሚነከርና ደርቆ የሚነከር።

ሙሉውን ከሚነከሩት ውስጥ እንጆሪ ቀዳሚ ነው፤ ቅጠሉ መያዣ ይሆናል፣ ጎምዛዛነቱም የቸኮሌቱን ጣፋጭነት ይቆርጠዋል። ሲመረጥ ጠንከር ያለ፣ ያልተጎዳና ቅጠሉ ያልጠወለገ መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ የተጨፈለቀ እንጆሪ ጭማቂውን የሚያፈሰው በዚያው በኩል ነው። ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ቢያንስ 1 ሰዓት መድረቅ ይኖርበታል፤ በተለይ ከቅጠሉ ሥር ተደብቃ የምትቀር የውሃ ጠብታ ስላለች ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ በወረቀት ፎጣ ጫፍ መንካት ያስፈልጋል። ከፍሪጅ በቀጥታ አውጥቶ መንከር ጥሩ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ፍሬ የአየሩን እርጥበት ወደ ራሱ ስቦ ያልበዋል፣ ቸኮሌቱም ከመስተካከሉ በፊት በድንገት ይደርቅና ኋላ ይሰነጠቃል። እንጆሪ በተነከረበት ዕለት ሲበላ ምርጥ ነው፣ እስከ 24 ሰዓት ድረስም ያስከብራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ 2 ቀን ቢበላም መልኩ የሚያኮራ አይሆንም። ወይን ከእንጆሪ ይልቅ ይቀላል፤ ቆዳው ጠንካራ ነው፣ ጭማቂውም የሚወጣው ከግንዱ በተነቀለበት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ግንዱን በመቀስ ቆርጦ ትንሽ ጭራ መተው ቀዳዳውንም ይዘጋል፣ መያዣም ይሆናል። ሆኖም ሙሉ ወይን ከ5 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የመታነቅ አደጋ አለው፤ ለእነርሱ በቁመቱ ተሰንጥቆ በአራት መከፈል አለበት፣ ተከፍሎ ደግሞ ለመንከር አይመችም። ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ወይኑን ትቶ ሙዝ መምረጥ ይሻላል።

ተቆርጠው የሚነከሩት አናናስ፣ ማንጎ፣ ኪዊና ፖም ናቸው። እነዚህ በ2 እና በ3 ሰዓት ውስጥ ለሚበላ ነገር እንጂ ለሚያድር አይሆኑም። አናናስና ማንጎ ከተቆረጡ በኋላ በወረቀት ፎጣ መካከል ቢያንስ 20 ደቂቃ ተኝተው ፎጣው አንድ ጊዜ መቀየር አለበት፤ ሲነከሩም ግማሻቸው ብቻ ቢነከር ጭማቂው በግልጹ ጎን ስለሚወጣ ሽፋኑ ለጊዜውም ቢሆን ይተርፋል። ፖም ሌላ ጣጣ አለበት፤ የተቆረጠው ገላው አየር ሲያገኘው ይጠቁራል። የሎሚ ጭማቂ ጠብ በተደረገበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ማኖር ይህን ይከለክላል፣ ግን ያንኑ ውሃ እንደገና በደንብ ማድረቅ ስለሚያስፈልግ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ሐብሐብን በቸኮሌት መንከር በፎቶግራፍ ላይ ሲያምር አይቻለሁ፤ እኔ አልመክረውም።

ብርቱካን በሁለቱ መካከል ያለ ነው። ተልጦ በየክፍሉ ሲለያይ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ስስ ቆዳ የታሸገ ስለሆነ፣ ነጩ ጭረት በጥንቃቄ ተነቅሎ በወንፊት ሽቦ ላይ ለጥቂት ሰዓታት ከቆየ ያ ቆዳ ደርቆ እንደ ወረቀት ይሆናል፤ ያኔ ከእንጆሪም በላይ የሚያስተማምን ፍሬ ይወጣዋል። አንዲት ቀዳዳ ከተገኘችበት ግን ያንን ክፍል በልቶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው።

ቀዝቅዞ የሚነከረው ሙዝ ነው። በተለመደው ሙቀት የተነከረ ሙዝ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ከስንጥሩም ላይ ይንሸራተታል። ተልጦ ለሁለት ተቆርጦ፣ በተቆረጠው በኩል የእንጨት ስንጥር ገብቶበት ፍሪዘር ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት ከቆየ በኋላ ቢነከር ግን ቸኮሌቱ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይረጋል፤ ልጆች እያዩት ቸኮሌቱ ሲደነድን ስለሚገርማቸው ከእነርሱ ጋር ለሚሠራ ሥራ ይህን የሚያህል የለም። ፍሪዘር ውስጥ ተዘግቶ ለሳምንታት ስለሚቆይ «መቼ ይበላል?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሰዋል፤ የሚበላውም ከፍሪዘር እንደወጣ ነው እንጂ ለግብዣ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ አይጠብቅም።

ለስጦታ፣ ለመንገድና ለሳምንት የሚሆነው የደረቀ ፍሬ ብቻ ነው። አፕሪኮት፣ ቴምር፣ በለስ፣ የደረቀ ማንጎና በስኳር ተቀቅሎ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ለቸኮሌት ጠላት አይደሉም። ቴምሩን ሰንጥቆ ፍሬውን በማውጣት በቦታው የተቆላ ለውዝ ማግባትና ጨርሶ መንከር ብዙ የከረሜላ ዓይነቶችን የሚያስንቅ ውጤት ይሰጣል። አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እኔ የምመርጠው ግማሹ በጥቁር ቸኮሌት የተነከረ አፕሪኮት ነው፤ ጎምዛዛው፣ ጣፋጩና መራራው በአንድ ጉርሻ ይገናኛሉ፣ ደግሞም ከነከሩት በኋላ ሰዓት መቁጠር የለም።

ቸኮሌቱ፦ መለያው ስቡ ነው

ጥቁር፣ የወተትና ነጭ ቸኮሌት በቀለም ይለዩ እንጂ ለነካሪ ሰው ዋናው ልዩነት በውስጣቸው ያለው ስብ ምን እንደሆነ ነው። እውነተኛ ቸኮሌት የሚረጋው በካካዎ ቅቤ ነው። ብዙ ጊዜ «የሽፋን ቸኮሌት» ወይም ኮምፓውንድ የሚባለው ደግሞ በካካዎ ቅቤ ፈንታ እንደ ፓልም ፍሬ ያለ የአትክልት ስብ የገባበት ነው። ይህን ለማወቅ የማሸጊያውን ፊት ሳይሆን ጀርባውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ በግብዓቶቹ ዝርዝር ውስጥ የካካዎ ቅቤ በመጀመሪያዎቹ ቦታዎች ላይ ከተጻፈ እውነተኛው ነው፣ የአትክልት ስብ ከቀደመ ኮምፓውንድ ነው።

ኮምፓውንድ የሚናቅ ነገር አይደለም። ቀልጦ እንደተነከረ ያለ ምንም ጥበብ ይረጋል፣ ያንጸባርቃል፣ በእጅም ቶሎ አይቀልጥም። ጉድለቱ ጣዕሙ ነው፤ የካካዎው መዓዛ ያንሳል፣ አንዳንዱም በአፍ ውስጥ ሰም ሰም ይላል። ለልጆች ልደት 60 ፍሬ የሚነክር ሰው ኮምፓውንድን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ለ4 ሰው የሚሠራ ግን እውነተኛውን ቢጠቀም ልፋቱ ይክሰዋል። የማይደረገው ሁለቱን ማደባለቅ ነው። «እውነተኛው ጣዕሙን፣ ኮምፓውንዱ መርጋቱን ይስጠኝ» ብሎ መቀላቀል የሚያጓጓ ቢሆንም የሁለቱ ስብ አብሮ አይረጋም፤ ውጤቱ ከሁለቱም የለሰለሰና ከቀናት በኋላ አመድ የለበሰ ሽፋን ነው።

ከእውነተኛዎቹ መካከል ኩቬርቸር የሚባለው የባለሙያዎች ቸኮሌት ቢያንስ 31 በመቶ የካካዎ ቅቤ ስላለው ሲቀልጥ ቀጭን ነው፣ ሽፋኑም ስስና እኩል ይሆናል። መደበኛ ታብሌት ቸኮሌት ትንሽ ይወፍራል፣ ቢሆንም ለቤት ሥራ በቂ ነው። የኬክና የብስኩት ጠብታ ቸኮሌት ወይም ቺፕስ በቀላሉ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ወደ እርሱ ያዘነብላል፤ ነገር ግን በምድጃ ሙቀት ቅርጹን እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ሲቀልጥም እንደ ገንፎ ወፍሮ ይቀራል። የግድ እርሱ ብቻ ካለ ለ200 ግራም 2 የሻይ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት መጨመር ያቀጥነዋል። የካካዎ ዱቄት ከናካቴው አማራጭ አይደለም፤ ዱቄት የሆነው አብዛኛው የካካዎ ቅቤ ተጨምቆ ስለወጣለት ነው፣ የሚያረጋው ነገር ራሱ የለውም።

በማሸጊያ ላይ የሚጻፈው 70 በመቶ ወይም 55 በመቶ የሚለው ቁጥር የካካዎውን ደረቅ ክፍልና የካካዎ ቅቤውን በአንድ ላይ የሚቆጥር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ስኳሩ ማነሱን እንጂ ቸኮሌቱ ለመንከር መሻሉን አይናገርም። ለጣፋጭ ፍሬ ማለትም ለሙዝ፣ ለቴምርና ለማንጎ 70 በመቶው ይስማማል። ለእንጆሪና ለብርቱካን ከ55 እስከ 60 በመቶ ያለው ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የፍሬው ጎምዛዛነትና የቸኮሌቱ መራራነት ይጣላሉ። የወተት ቸኮሌት ለልጆች ይሆናል፣ ከደረቀ አፕሪኮትም ጋር ጥሩ ነው። ነጭ ቸኮሌት የካካዎ ቅቤ እንጂ የካካዎው ጥቁር ክፍል የለበትም፤ እጅግ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻውን ከመንከሪያነት ይልቅ በጥቁሩ ላይ በሹካ ጫፍ የሚንጠባጠብ ማስጌጫ ሆኖ ነው የሚያምርብኝ።

መግራት ወይስ አለመግራት

የካካዎ ቅቤ ሲረጋ ከ6 ዓይነት የክሪስታል ቅርጾች አንዱን ይይዛል። አንጸባራቂና ሲሰበር ቀጭ የሚለው፣ በእጅ ሳይሆን በአፍ የሚቀልጠው አምስተኛው ቅርጽ ነው፤ የሚቀልጠውም በ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ቸኮሌት እንዲሁ ቀልጦ እንዲሁ ሲረጋ የሚይዘው ዝቅተኛዎቹን ቅርጾች ስለሆነ ይለሰልሳል፣ ይደበዝዛል፣ ሲቆይም ይሸብታል፤ ማለትም ስቡ ወደ ገጹ ወጥቶ ግራጫ ነጠብጣብ ይሠራል። ሽበቱ አይጎዳም፣ ግን ያሳዝናል። ባለሙያዎች ቴምፐሪንግ የሚሉት፣ እኔ በቤቴ መግራት የምለው ሥራ ቸኮሌቱ አምስተኛውን ቅርጽ ብቻ እንዲይዝ ሙቀቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው።

ታዲያ የግድ ነውን? እዚህ ላይ የሰዓቱ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ትኩስ ፍሬ በዕለቱ ስለሚበላና እስኪበላም በቀዝቃዛ ቦታ ስለሚቆይ፣ ሽበት ለመውጣት ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ለእንጆሪ ያልተገራ ቸኮሌት በቂ ነው ብዬ አምናለሁ፣ በእጅ ሲያዝ ትንሽ መለስለሱን ከታገሡት። ለቀዘቀዘ ሙዝ መግራት ጨርሶ አያስፈልግም። እዚያ የሚሻለው ለ200 ግራም ቸኮሌት 1 የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት መጨመር ነው፤ ዘይቱ ሽፋኑን ስለሚያለሰልስ ሲነከስ እንደ መስታወት አይፈረካከስም። ያው ዘይት በ24 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ በመሆኑ በክፍል ሙቀት ለሚቀመጥ ነገር አይመከርም። በሣጥን ለሚሰጥ የደረቀ ፍሬ ግን ወይ መግራት፣ ወይ ኮምፓውንድ መጠቀም ነው፤ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ለቤት የሚስማማው የመግሪያ ዘዴ ቀድሞ በረጋ ቸኮሌት ማስጀመር ነው። ቸኮሌቱ ተከትፎ ሁለት ሦስተኛው ይቀልጣል፤ ጥቁሩ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ፣ የወተቱና ነጩ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ድረስ። ከዚያ ከሙቀቱ ወርዶ የቀረው አንድ ሦስተኛ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ያለማቋረጥ ይማሰላል፤ የተጨመረው ቸኮሌት አምስተኛውን ቅርጽ ይዞ ስለመጣ ሌላውን ያንኑ ያስተምረዋል። ጥቁሩ 31 ወይም 32፣ የወተቱ ከ29 እስከ 30፣ ነጩ ከ28 እስከ 29 ዲግሪ ሲደርስ ለመንከር ዝግጁ ነው። ቴርሞሜትር ቢኖር ይመረጣል፤ ከሌለ ግን ከታችኛው ከንፈር ሥር ጠብ ሲደረግ ቀዝቀዝ ካለ ወደ ልኩ ቀርቧል ማለት ነው። እርግጠኛው ፈተና የቢላ ጫፍ ነክሮ ማስቀመጥ ነው፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ ያለ መስመርና ያለ ነጠብጣብ አንጸባርቆ ከረጋ ተገርቷል።

በማይክሮዌቭ ወይስ በውሃ እንፋሎት

ድስት ውስጥ በቀጥታ እሳት ላይ ማቅለጥ ከንጽጽሩ ውጪ ነው፤ ቸኮሌት ቶሎ ያራል፣ ያረረም አይመለስም። ከቀሩት ሁለቱ ብዙ ሰው የውሃ እንፋሎቱን እንደ ትክክለኛው፣ ማይክሮዌቩን እንደ ሰነፍ መንገድ ያየዋል። እኔ እስከ 300 ግራም ላለው መጠን ማይክሮዌቩን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም እንፋሎት የለውም። ኃይሉ ወደ ግማሽ ተቀንሶ፣ ቸኮሌቱ በየ30 ሴኮንዱ እየወጣ መማሰል አለበት፤ ቸኮሌት ቀልጦም ቅርጹን ይዞ ስለሚቆይ «ገና ነው» ብሎ መጨመር የሚያሳርረው እዚህ ላይ ነው። ጥቂት ቁርጥራጭ ሳይቀልጥ ሲታይ ማቆምና ቀሪውን በማማሰል መጨረስ ይገባል። ነጭና የወተት ቸኮሌት የወተት ክፍል ስላላቸው ከጥቁሩ ቀድመው ያራሉ፤ ለእነርሱ ወደ መጨረሻው 15 ሴኮንድ ይበቃል።

የውሃ እንፋሎቱ ጥቅም መጠኑ ሲበዛና ነከራው ሲረዝም ነው፤ ቸኮሌቱን ለብ እንዳለ ያቆየዋል። ድስቱ ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ያህል ውሃ ይፈላል፣ እሳቱ ይጠፋል፣ የውሃውን ፊት የማይነካ ጎድጓዳ ሳህን ከላይ ይቀመጣል። ሳህኑ የድስቱን አፍ በደንብ መግጠም አለበት፤ በጎን የሚያመልጥ እንፋሎት ወደ ቸኮሌቱ ይገባልና። አንድ ቀን ቶሎ እንዲቀልጥልኝ ብዬ ሳህኑን በክዳን ከደንኩት። ክዳኑን ሳነሳ ከሥሩ ያቆረው ላብ ሦስት አራት ጠብታ ሆኖ ወረደ። ያንጸባርቅ የነበረው ቸኮሌት በማንኪያዬ ሁለት ዙር ውስጥ ደበዘዘ፣ ከዚያ ከረረ፣ በመጨረሻም እንደ እርጥብ አሸዋ ተሰብስቦ ማንኪያው ላይ ተጠመጠመ። ይህን የሚያደርገው ስኳሩ ነው፤ በስቡ ውስጥ ደርቆ የተበተነው ስኳር ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ተለጣጥፎ ይጓጉላል። እንግዳ ቢመስልም መድኃኒቱ ውሃ መጨመር ነው፤ ለ100 ግራም ቢያንስ 2 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ውሃ ወይም ክሬም ቀስ በቀስ ሲጨመርበት እንደገና ይለሰልሳል። ግን ከዚያ በኋላ አይረጋምና ሶስ ሆኖ በፍሬው ላይ ይፈስሳል እንጂ ለመንከር አይሆንም። ውሃ ያለው የምግብ ቀለምም እንደዚሁ ያጓጉላል፤ ለነጭ ቸኮሌት ቀለም የሚፈልግ ሰው በዘይት የተዘጋጀውን መፈለግ አለበት።

መንከሩ

ለግማሽ ኪሎ እንጆሪ ከ200 እስከ 250 ግራም ቸኮሌት ይበቃል። ሰፊ ሳህን ውስጥ ቸኮሌቱ ስለሚሳሳ ፍሬው አይጠልቅም፤ ጠባብና ጥልቅ ኩባያ ይሻላል። እንጆሪው በቅጠሉ ተይዞ እስከ ትከሻው ይገባል፣ ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ወዲያው ወደ ወረቀቱ መውሰድ የተለመደ ስህተት ነው። ከኩባያው በላይ ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ ማድረግ፣ የሚንጠባጠበው ክር እስኪቀጥን መጠበቅ፣ ከዚያ የፍሬውን ጀርባ በኩባያው ጠርዝ ላይ አንድ ጊዜ ማንሸራተት ያስፈልጋል፤ ያ ጀርባ ነው ወረቀቱ ላይ የሚተኛው፣ ካልተጠረገ ከሥሩ ሰፊ የቸኮሌት እግር ያወጣል። ከቅጠሉ በታች ትንሽ ቀይ ገላ ሳይሸፈን መተው ለውበት ብቻ አይደለም፤ እርጥቡ ቅጠል ወደ ቸኮሌቱ እንዳይነካ ይጠብቃል።

ለማስቀመጫ የመጋገሪያ ወረቀት ከሁሉም ይበልጣል፤ ሰም የተቀባውም ይሠራል። አልሙኒየም ፎይል ግን ሲጨማደድ ቸኮሌቱን በየእጥፋቱ ይይዘዋል፣ ሳህን ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ደግሞ በቢላ እስከመፋቅ ያደርሳል። የተፈጨ ለውዝ፣ የኮኮናት ፍቅፋቂ ወይም ጥቂት የጨው ቅንጣት የሚነሰነስ ከሆነ ቸኮሌቱ ገና እርጥብ ሳለ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ነው፤ ከቀዘቀዘ ሙዝ ጋር ደግሞ አንድ ሰው እየነከረ ሌላው መነስነስ አለበት። ለእንግዳ የሚቀርብ ከሆነ ለውዝ የማይስማማው ሰው ሊኖር ስለሚችል ለውዝ ያለውንና የሌለውን በተለያየ ሳህን ማድረግ ይገባል።

ማርጋትና ማቆየት

የተገራ ቸኮሌትና ኮምፓውንድ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ራሳቸው ይረጋሉ። ያልተገራው ለ15 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ይፈልጋል። ከፍሪጅ የወጣ ቸኮሌት በሞቀ ክፍል ውስጥ ያልበዋል፤ ላቡ ስኳሩን አሟሙቶ ሲደርቅ ደግሞ ሻካራ ነጭ ንጣፍ ይተዋል። ስለዚህ ፍሪጅ የገባ ሳህን የሚወጣው ሊበላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ማደር ያለበት እንጆሪ ጥብቅ ክዳን አይፈልግም፤ የወረቀት ፎጣ በተነጠፈበት ዕቃ ላይ ሳይነካካ ተደርድሮ ከላይ ላላ ብሎ ቢሸፈን ከታፈነው በተሻለ ይቆያል፣ የእኔ 40 እንጆሪዎች በዚህም ጭምር ነበር የተበደሉት። የደረቀ ፍሬ በተቃራኒው ጥብቅ ክዳን ይወዳል፣ ፍሪጅም አያስፈልገውም። ውሻ ያለበት ቤት ሳህኑን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ አለበት፤ ቸኮሌት፣ ወይንና ዘቢብ ለውሻ መርዝ ናቸው።

በኩባያው ሥር የሚቀረው ቸኮሌት የሚጣል አይደለም። ፍሬ ካልተንጠባጠበበት በወረቀት ላይ ሳሳ ተደርጎ ተዘርግቶ፣ የተረፈው ለውዝና የደረቀ ፍሬ ከላይ ተበትኖበት ሲረጋ በእጅ ይሰበራል። ጭማቂ ከገባበት ግን ሳይከርር ጥቂት ትኩስ ወተት ጨምሮ ማማሰልና፣ ለመንከር ያልበቁትን የተጨፈለቁ እንጆሪዎች ሰብስቦ በማንኪያ በላያቸው ማፍሰስ ነው።